ጭድ ውስጥ የሚበስል ጊሽጣ

ልጅ ሆኜ የምተኛው ከጊሽጣ ጋር ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ተከፍላ ወዲያ ጓዳ፣ ወዲህ የእኔና የእናቴ አልጋ። ከአልጋው ሥር ጭድ የተጎዘጎዘባቸው ዘንቢሎች ይደረደራሉ፣ በየዘንቢሉ ጊሽጣ ተቀብሯል። ክረምቱ ወጣ ሲል እናቴ የምትነግደው እሱን ነው። ከከተማው ወጣ ካለችው ከቢዮ አዋሌ በኩል ሴቶች በሚኒባስ ጭነው ያመጡላታል። እሷ በኦሮምኛ ትከራከራቸዋለች፣ ትመርጣለች፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ጭድ ውስጥ ትቀብራለች፣ ላዩን በአሮጌ ነጠላ ትሸፍናለች። ከዚያ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ምንም አይሸትም። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ክፍሉ ጣፍጦ ይጠብቀኛል። ሌላ ቃል የለኝም። የድሬ ሙቀት ላይ ያ ሽታ ሲጨመርበት ትራሱ ራሱ የሚበላ ይመስላል። አሁን የምኖርበት ክፍል ከዚያኛው ይሰፋል፣ ቬንትሌተር አለው፣ ምንም ምንም አይሸትም።

ሕጉ አንድ ነበር፤ በአውራ ጣት መጫን ክልክል ነው። ጊሽጣ ቆዳው ቅርፊት ቅርፊት ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሆደ ባሻ ነው። አንዴ ከተጫኑት በማግስቱ የጣትን ልክ አጥቁሮ ያሳያል። ገዢ ያንን ጥቁር ካየ አይነካውም። እናቴ መብሰሉን የምታውቀው በመዳፏ አንስታ፣ በቅርፊቶቹ መሃል ያለውን ስንጥቅ አይታ፣ አሽትታ ነው። እኔ ግን እጄ አያርፍም። ነጠላውን ገልጬ፣ ጭዱን በርብሬ፣ ጫን! "የዚችን ልጅ አውራ ጣት በቆረጡልኝ" ትል ነበር ለጎረቤት፣ እየሰማኋት።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩና ውጤት መጣ። አልበቃኝም። ብዙ አላብራራም፣ አልበቃኝም ማለት አልበቃኝም ነው። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ከዘንቢሎቹ ቀና ሳትል "እሺ፣ አሁንስ?" አለችኝ።

ለሷ መልሱ አጠገባችን ነበር። ጎረቤታችን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መስመር ኃላፊ ነች። ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። "ልጅሽን ስጪኝ፣ ነገ አስገባታለሁ" ብላታለች። ሥራውን አልናቅኩትም። ግን ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ፣ ኮሌታ፣ ኮሌታ! የቀረውን ሸሚዝ ሌላ ሰው ይሰፋዋል።

"አልችልም። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልችልም፣ አብዳለሁ" አልኳት።

"አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አትችይም? እዚያ ጌም ቤት ተጎልተሽ ስትውይ ግን ተነሺ ቢሉሽ አትነሺም።"

እዚህ ላይ እውነቷን ነው። ጌም ቤቱ ታይዋን ገበያ ጀርባ፣ በጫማ ሻጭና በሞባይል ከቨር ሻጭ መሃል የተወሸቀች ጠባብ ቤት ነበረች። እኔ ጠዋት እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ኮምፒውተሮቹን እለኩሳለሁ፣ ሲንቀራፈፉ እከፍታቸዋለሁ፣ አቧራቸውን እነፋለሁ። ባለቤቱ ሆዱ የገፋ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ሊጫወቱ የሚመጡት ልጆች በሶማሊኛ "አብቲ" ይሉታል፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ እኔም እንደነሱ። "ጠዋት ሰው የለም። እንደፈለግሽ ነካኪ፣ ብቻ አታቃጥዪብኝ አቦ" ብሎ ሄዶ ከከቨር ሻጩ ጋር ዳማ ይጫወታል።

ልጆቹ የሚወዱት ጌም ዓለሙ በሙሉ ከኪዩብ የተሠራ ነው። አፈሩ ኪዩብ፣ ዛፉ ኪዩብ፣ በጉም ኪዩብ። ይቆፍራሉ፣ ይገነባሉ፣ ይተክላሉ፣ እያንዳንዷን ኪዩብ ብሎክ ይሏታል። የሚተከለው ግን የሰው አገር ተክል ነው፤ ስንዴ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። ከዛፍ የሚወድቀው ፖም ነው። ፖም! ድሬ ውስጥ ማን ፖም ተክሎ ያውቃል? ይሄ ነገር ያበሽቀኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቪዲዮ ሳይ ሳይ፣ ሰው የራሱን ተክል እየሠራ ጌሙ ውስጥ መክተት እንደሚችል ደረስኩበት። ሞድ ይሉታል። ቪዲዮዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ግማሹን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ እሰማለሁ፣ ግማሹን የሚያስረዳው ሰው እጅ የሚሄድበትን እያየሁ እገምታለሁ።

"ጊሽጣ እሠራለሁ" አልኳት ለእናቴ።

"ጊሽጣ ዛፍ ነው የሚሠራው።"

"ጌሙ ውስጥ።"

"ለማን?"

"ለልጆቹ። አብቲ ልጆቹ ከወደዱት በደመወዝ ይቀጥረኛል፣ ብሎኛል።" ብሎኝ ነበር፣ ዳማ እየተጫወተ።

እናቴ እጇን ከጭዱ አወጣችና አየችኝ። "እኔ ነጋዴ ነኝ። የመጣ ሰው አያስደስተኝም፣ መንገድ የጠፋበትም ይመጣል። እኔ የማየው የተመለሰውን ነው። እስከ መቼ ልጠብቅሽ?"

"ጊሽጣው እስኪያልቅ።"

"ጊሽጣው እስኪያልቅ። ከዚያ በፊት መጥቼ አያለሁ። ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ነገር ከሆነ ዝም እላለሁ። ካልሆነ ሰርቪሱ ላይ ትወጫለሽ፣ አፍሽንም ትዘጊያለሽ። ወላሂ በይ።"

"እማዬ፣ እኛ እኮ ክርስቲያን ነን።"

"ድሬ ውስጥ ነን። ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

ተክል መሥራት ቀላል ይመስላል። አንድ ተክል ማለት ብዙ ሥዕል ነው፤ ችግኝ ሲሆን አንድ፣ ከፍ ሲል ሌላ፣ ሲያብብ ሌላ፣ ሲያፈራ ሌላ። እያንዳንዱ ሥዕል ከትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች ይሠራል፣ ጎኑ አስራ ስድስት፣ ቁመቱ አስራ ስድስት። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ጊሽጣ መሣል ነው! ከዚያ ኮዱ ይመጣል። ይህ ቅጠል ነው፣ ይህ ፍሬ ነው፣ አሸዋ ላይ ይበቅላል፣ ሲያድግ ይሄኛውን ሥዕል አሳይ። እኔ ከባዶ መጻፍ ስለማልችል የጌሙን ስንዴ ገለበጥኩና "ስንዴ" የሚለውን ሁሉ "ጊሽጣ" አደረግኩት። ይህን ያዙልኝ፣ ስንዴ ነው የገለበጥኩት።

መጀመሪያ የተከልኩት ጊሽጣ ሐምራዊና ጥቁር ዳማ ሆኖ በቀለ። ጌሙ ሥዕሉን ሲያጣው እንደዚያ ያደርጋል፣ እኔ ሌላ ማኅደር ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጊሽጣ ነው።"

"አቦ ይሄማ የአብቲ ዳማ ነው!"

ሳምንቱን ሙሉ ዳማ ተባለ። ሥዕሉን ወደ ቦታው ሳመጣው ደግሞ ቅጠሉ ዙሪያውን ጥቁር ሳጥን ይዞ ብቅ አለ፣ ቅጠል ሳይሆን በጥቁር ፌስታል የታሰረ ጎመን። ባዶው ቦታ ከኋላው ያለውን እንዲያሳይ ለጌሙ መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩትም። ስነግረው ተስተካከለ። ከዚያ ዛፉ ግንዱን ትቶ ሰማይ ላይ አደገ። ሰማይ ላይ ያደገውን ወደድነው፣ እሱን ሳናወርደው ተውነው።

ቀለሙን ለማግኘት ከቤት እውነተኛ ጊሽጣ ይዤ ሄድኩ። ጥሬ፣ አረንጓዴ፣ ድንጋይ። ኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ አስቀምጬ እያየሁ እስላለሁ። ሳጥኑ ደግሞ እንደ ምድጃ ይሞቃል። አረንጓዴውን ስዬ ሳልጨርስ፣ ሌላ ቀን ቀና ብዬ ሳየው ስንጥቆቹ ነጥተዋል፣ ቀለሙ ተቀይሯል። እንደገና ስጀምር አብቲ አለፈ፣ አነሳው፣ ለሁለት ገመሰው።

"አብቲ! እየሳልኩት እኮ ነው!"

"ሣዪው፣ ማን ከለከለሽ" አለ፣ ጥቁሯን ፍሬ በር ላይ እየተፋ። "በስሎልሻል ወላሂ።"

ያን ቀን ሳቅኩ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ።

በመጨረሻ ዛፉ ቆመ። አሸዋ ላይ፣ ልክ እንደ ደቻቱ ወንዝ ዳር። ቅጠሉ ቀጭን፣ ፍሬው ቅርፊት ቅርፊት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ስክሪኑ ላይ አዩትና ጮኹ። ዩኒፎርሟ ያጠራት አንዲት ረጅም ልጅ አለች፣ አንደኛ ጯሂ። "ጊሽጣ! ጊሽጣ ነው! እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት!" ዛፉ ሥር ተሰለፉ፣ መቱት፣ ፍሬው ወደቀ፣ ኩርሽም፣ ኩርሽም። እንደ አንበጣ ዛፉን ባዶ አስቀሩት። ጀግና ሆንኩ። በማግስቱም በሉ። ከዚያ ቀን ቀን ሲሄድ አንዳንዶቹ ወደ ኳሱ ጌም ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ወደ ተኩሱ። ረጅሟ ልጅ እንኳ "በልተናል እኮ" አለችኝ።

እናቴ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከሰዓት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት ሰዓት ላይ፣ ዘንቢሏን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። ሰፈሩ በሙሉ "አዴ" ነው የሚላት፣ በኦሮምኛ ሴትን ማክበሪያ ነው። ልጆቹ ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። አንዱ ልጅ ዛፍ ሲመታ አየች።

"ምንድን ነው የምትበላው?"

"ጊሽጣ ነው አዴ!"

"ከዛፉ ላይ?"

ልጁ አየኝ፣ እኔ ስክሪኑን አየሁ።

"ጥሬውን?" አለች እናቴ። "ምላስህ አልተሳሰረም?"

ልጆቹ አንድ ላይ ሳቁ። ድሬ ውስጥ ጥሬ ጊሽጣ ነክሶ አፉ ያልተኮማተረ ልጅ የለም። ሁሉም ያውቁታል፣ ማንም ግን አላሰበውም። ረጅሟ ልጅ ወደኔ ዞራ "ውይ! እውነቷን ነው! ከዛፍ ላይ ጊሽጣ የሚበላ ማን ነው? የሌሊት ወፍ ነው!" አለች።

እናቴ ወደኔ ቀረበች። አልጮኸችም። መጮኋን በመረጥኩ ነበር። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። "ያልበሰለ ሸጠሽ ሰው ይመለሳል ብለሽ ትጠብቂያለሽ?" ዘንቢሏን አስተካክላ ወጣች።

አንገቴ ድረስ ነደድኩ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ወጣሁ። ባጃጆች "ነይ፣ ወደ ሳቢያን፣ ወደ ሳቢያን" ሲሉኝ መልስም ሳልሰጥ ደቻቱ ወረድኩ። ውኃ የለበትም፣ አሸዋ ብቻ ነው። አሸዋውን እየረገጥኩ ተሳደብኩ። እሷን አይደለም፣ ስንዴውን። ስንዴ እኮ ሲደርስ ደርሷል። ማሳው ላይ ቢጫ ሲሆን ያልቃል፣ ትወቃዋለህ፣ አለቀ። የስንዴውን ኮድ ገልብጬ "የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ይበላል" የሚለውን ሳልነካ አሳለፍኩት። የጊሽጣ የመጨረሻ ደረጃ ግን ዛፉ ላይ አይደለም። የመጨረሻው ደረጃ ያለው የኔ አልጋ ሥር ነው።

ቤት ስገባ እናቴ አዲስ የመጣላትን ጥሬ ጭድ ውስጥ እየቀበረች ነበር። የመጣላት ጥቂት ነበር፣ ወቅቱ እየሳሳ ነው። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ሳላስገባ አየሁ። ጭድ፣ ፍሬ፣ ጭድ። ፍሬ ከፍሬ አይነካካም። የተቆረጠበት ጫፍ ወደ ላይ።

"ስንት ቀን ነው የሚፈጅበት?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ። እስኪበስል ነዋ።"

"እንዲያው በግምት?"

"አንዱ ዛሬ፣ አጠገቡ ያለው ሌላ ቀን። የራሳቸው ጉዳይ ነው።"

ይህን ስትል ልቤ ዘለለች። ምክንያቱም ጌሙም እንደዚያው ነው የሚሠራው! ተክልን በሰዓት አያሳድግም። ዝም ብሎ ከዓለሙ ውስጥ ብሎክ እየመረጠ፣ አንቺ እደጊ፣ አንተ ቆይ ይላል። የራሳቸው ጉዳይ ነው።

በማግስቱ ዘንቢል ሠራሁ። ብሎክ ነው፣ ጎኑ የዘንቢል ፈትል፣ ላዩ ጭድ። ከዛፉ የሚወድቀው ጊሽጣ ከእንግዲህ አይበላም፤ የበላው ሰው ያመዋል፣ ስክሪኑ ይዞርበታል። ዘንቢል ውስጥ መቅበር አለበት። መቼ እንደሚበስል አይነገረውም። ከፍቶ ማየት ይችላል፣ ግን ጣቱን ባስገባ ቁጥር ፍሬው ሊጠቁር ይችላል፣ ከጠቆረ አለቀ። መብሰሉን የሚያውቀው በሽታው ነው። ሽታ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አይሳልም። ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ሲበስል ከዘንቢሉ ላይ እንደ አቧራ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ቀስ ብለው እንዲወጡ አደረግኩ። የሽታ ያህል ነው፣ ከዚያ የተሻለ አልቻልኩም።

ልጆቹ አበዱ። በደስታ አይደለም።

"ይበላ ነበር እኮ!"

"ጥሬ ነበር።"

"እንዴ፣ ጌም ላይም መጠበቅ?"

አብቲም ከዳማው ተነስቶ መጣ። "ምን አደረግሻቸው አቦ? ልጅ የሚመጣው ለመጫወት ነው፣ ለመጠበቅ አይደለም።"

"ቆይ አብቲ።"

"እኔ እቆያለሁ፣ ልጆቹ ናቸው የማይቆዩት።"

ቀበሩና ሄዱ። በማግስቱ መጥተው አዩ፣ ምንም የለም። በሌላውም ቀን ምንም። ረጅሟ ልጅ "ይቺ ሴትዮ አታለለችን" አለች። ሴትዮ! እኔን! ጉዳዩን እስካገኘው ድረስ ፀጉሬን ልነጭ ደርሼ ነበር። ለካ ጌሙ ሰው የሌለበትን ቦታ ያቆመዋል። ተጫዋች አጠገቡ ካልቆመ ሣሩም አያድግም፣ ፍሬውም አይበስልም፣ ሁሉም ነገር የተውከው ቦታ ደርቆ ይጠብቅሃል። ልጆቹ ቀብረው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ዘንቢሎቹም አብረው ያንቀላፋሉ።

ስለዚህ እኔ ቆምኩ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስለኩስ ጌሙን እከፍታለሁ፣ ጌሙ ውስጥ የማንቀሳቅሰውን ሰውዬዬን ከዘንቢሎቹ መሃል አቆማለሁ፣ ከዚያ ወደ ጠረጋዬ። ሰውዬዬ ምንም አይሠራም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። መብራት ከሄደ መብሰሉም ይቆማል፣ ሲመጣ ሮጬ መልሼ አቆመዋለሁ። እኔ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማልችለው፣ ቀኑን ሙሉ የማይበላ ፍሬ ስጠብቅ ዋልኩ። እየጠረግኩ በየመሃሉ ዞር ብዬ ስክሪኑን አያለሁ። ከአንደኛው ዘንቢል ላይ ነጩ አቧራ መውጣት ሲጀምር መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። አፍንጫዬ ውስጥ ሸተተኝ ብል ማን ያምነኛል።

ያን ቀን ከሰዓት ልጆቹ ሲያዩት ጩኸታቸው የጫማ ሻጩን ደንበኛ አስደነገጠ። የበሰለላት ለረጅሟ ልጅ ነበር። ሌሎቹ ተቀኑ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ፣ ገና ከበሩ፦

"በስሏል?"

"የኔስ?"

"እንዳትነካው! አትንካው አልኩህ!"

ትዕግሥት ያጣ አንዱ ከፍቶ ሲነካ ፍሬው ይጠቁራል። ያኔ ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ "አውራ ጣት!" ብሎ ይጮህበታል። ስድብ ሆነ። ውጭ፣ መንገድ ላይ፣ ሰልፍ ያበላሸ ልጅ "ሂድ፣ አውራ ጣት!" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጊሽጣው ግን እያለቀ ነበር። ከቢዮ አዋሌ የሚመጡት ሴቶች ቀሩ፣ ከጊሽጣ ወደ ሌላ ዞሩ። ከአልጋችን ሥር ዘንቢሎቹ ባዶ እየሆኑ ተደራረቡ። አንዱ ብቻ ቀረ። እናቴ ስለ ስምምነታችን አንድም ቀን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ጎረቤታችን ግን ታነሳለች። "እሺ፣ የመስመሬ ልጅ፣ መቼ ነው?" ትለኛለች ውኃ ስቀዳ። ሌሊት ተኝቼ አልጋው ሥር ያለውን አሸትታለሁ። እንዳይበስል እጸልይ ነበር። ጊሽጣ እንዳይበስል የጸለየች የጊሽጣ ነጋዴ ልጅ!

በሰለ። እናቴ የመጨረሻውን ዘንቢል ይዛ ገበያ የወጣች ቀን፣ ከሰዓት ጌም ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ልትናገር አፏን ስትከፍት ትምህርት ቤት ተለቀቀ።

"አዴ አሳልፊን! አዴ ይቅርታ!" እየተጋፉ በክንዷ ሥር ገቡ። "በስሏል? በስሏል?" አንዱ ልጅ ቸኩሎ ዘንቢሉን ከፈተ። "አውራ ጣት!" አሉ ሁሉም። እናቴ ደነገጠች። ከዚያ ስክሪኑን፣ ጭዱን፣ ነጩን አቧራ፣ ዘንቢሎቹ መሃል ተገትሮ የቆመውን ሰውዬዬን አየች።

"ይሄኛው ምን ያደርጋል?"

"ይጠብቃል። ሰው አጠገቡ ከሌለ አይበስልም።"

"አውራ ጣት የሚለውን ማን ነገራቸው?"

"ጌሙ።"

"ጌሙንስ ማን ነገረው?"

አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ደበቅኩ። እሷ እንደ ቃሏ ዝም አለች። ዘንቢሏ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጊሽጣ አውጥታ ለልጆቹ ገመሰችላቸው። በየመዳፋቸው ተካፈሉ። ጥቁሯን ፍሬ ማን አርቆ ይተፋል በሚል በሩ ላይ ጦርነት ተነሳ፣ አብቲም ገባበት፣ ተሸነፈም።

ማታ ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ እግሯን ነክራ "እ? ነገ ሰርቪስ ላይ ልጠብቃት?" አለች።

"ሥራ ይዛለች" አለች እናቴ።

"የት?"

"ጊሽጣ ታበስላለች።"

ጎረቤታችን ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

ጌም ቤቱ ብዙ አልቆየም፣ ግን ከዚያ በኋላ ለጥቂት የጊሽጣ ወቅት ቆይቷል፣ ደመወዜንም በልቻለሁ። ሌሎች ተክሎችም ጨመርኩ። ማሽላ ሠራሁ፣ ዘይቱን ሠራሁ፣ የሚወጋ በለስ ሠራሁና ልጆቹ አለቀሱ። ከዚያ ልጆቹ አደጉ። ትንንሾቹም ስልክ ያዙ። አብቲ ኮምፒውተሮቹን ሸጠና ቤቱን የልብስ ሱቅ አደረገው። የኔ ወንበር የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የሕፃናት ጃኬት ተሰቅሏል። ለድሬ ሙቀት ጃኬት ማን እንደሚገዛው አላውቅም። በዚያ ሳልፍ "ግቢ እንጂ አቦ" ይለኛል፣ አልገባም። ረጅሟን ልጅ አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋት። ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ጥፍሯን ተቀብታለች። መጀመሪያ አላወቀችኝም፣ ከዚያ ስታውቀኝ አውራ ጣቷን አንስታ አሳየችኝና ስንሳሳቅ ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየን።

እኔ አሁን እዚያው ታይዋን ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ። ኮምፒውተሮቹ ከመሸጣቸው በፊት የልጆቹን ዓለም ገልብጬ ይዤዋለሁ። እናቴ ጉልበቷ ከበዳትና ጊሽጣውን ቀንሳለች፣ ለቅርብ ደንበኞቿ ያህል ብቻ ታመጣለች። ባለፈው ምሳ ይዛልኝ መጥታ ላፕቶፑን አየችው።

"ያ ያንቺ ጊሽጣ እስካሁን አለ?"

"አለ። ከልጆቹ አንዱ ቀብሮት የሄደ አንድ ቀርቷል፣ ልጁ ተመልሶ አልመጣም።"

"አልበሰለም?"

"ማን ቆሞለት?"

የምሳውን ሳህን ከፈተችልኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ጌሙን ከፈትኩት። አሸዋው፣ ዛፎቹ፣ ሰማይ ላይ ያስቀረነው አንዱ ዛፍ፣ ሁሉም የተውናቸው ቦታ አሉ። ሰውዬዬን ዘንቢሉ አጠገብ አቆምኩት። ላፕቶፑን ሳልዘጋ ወደ ጎን ገፋ አደረግኩና ስክሪኑ የተሰበረበት ስልክ የያዘ ደንበኛ ተቀበልኩ። "ምንድን ነው የምታዪው?" አለኝ ዓይኔ አላርፍ ሲል።

"ምንም" አልኩት። "የሚበስል ነገር አለኝ።"